ሮዝ ወረቀት፣ ቢጫ ማልያ

ለንደን ውስጥ ኦቫል በሚባለው ሜዳ፣ ኦገስት 29 ቀን 1882፣ እንግሊዝ በገዛ ምድሯ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውስትራሊያ የክሪኬት ቡድን ተረታች። ልዩነቱ 7 ነጥብ ብቻ ነበር። (እግረ መንገዴን፦ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ክሪኬት ለማይከታተል ሰው የሽንፈቱ ክብደት ላይሰማው ይችላል፤ መምህሩ ደቀ መዝሙሩ ፊት ቅኔ ጎደለበት እንደማለት ነው። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል። ከሁሉ ተርፎ እስከ ዛሬ የሚነገርለት ግን ከአራት ቀን በኋላ ስፖርቲንግ ታይምስ ላይ የወጣ አንድ ትንሽ ማስታወቂያ ነው።

ጋዜጣው በሮዝ ወረቀት ስለሚታተም ሰው «ሮዙ» እያለ ነበር የሚጠራው። ሬጂናልድ ሸርሊ ብሩክስ የተባለው ጸሐፊ ስለ ጨዋታው ሐተታ ከመጻፍ ይልቅ የሙት ማስታወቂያ አሰናዳ። በክፈፍ የታጠረ፣ መስመሮቹ አጫጭርና መሃል መሃል ላይ የተደረደሩ፣ ልክ ሰው የሞተበት ቤተሰብ እንደሚያወጣው ያለ። የእንግሊዝ ክሪኬት ኦቫል ላይ ማረፉን፣ ወዳጅ ዘመዶቹ በብርቱ ማዘናቸውን ይናገርና፣ ከግርጌው አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ወደ አውስትራሊያ እንደሚወሰድ ያክላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለቱ አገሮች ዛሬም የሚፎካከሩበት ዋንጫ «አመዱ» ተብሎ የቀረው በዚህ ቀልድ ነው።

የገጽ ቅንብር ሊለማመዱ የሚመጡ ልጆች ሲያጋጥሙኝ ወሬዬን የምጀምረው ከዚያ ክፈፍ ነው። ብሩክስ ያንኑ ሐሳብ በተራ አምድ ውስጥ እንደ አስተያየት ቢጽፈው ኖሮ አንባቢ ገልጦት ያልፍ ነበር። እንዲህ ሲሆን ግን አንባቢው ከማንበቡ በፊት ቅርጹን አየ፤ ቅርጹን ሲያይ ለቅሶ መኖሩን ዐወቀ፤ ሟቹ ማን እንደሆነ ሲደርስበት ሳቀ። እኛም አገር ጋዜጣ ላይ የሐዘን መግለጫ ፊደሉ ሳይነበብ ከሩቅ ይለያል። ብሩክስ የተጠቀመበት ይህንኑ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጆሴፍ ፑሊትዘር በ1883 ዘ ወርልድ የተባለውን ጋዜጣ ገዝቶ ለስፖርት ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ፤ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ደግሞ በ1895 ጆርናልን ይዞ ገጽ ጨመረለት። ከዚያ በፊት የቡጢውም የፈረሱም ወሬ የሚገኘው ከእሳት አደጋና ከፍርድ ቤት ዜና ጎን ተወሽቆ ነበር። አሜሪካኖቹ ለስፖርት ቦታ ሰጡት። ቀለም ያለበሱት ግን አውሮፓውያን ስለሆኑ መንገዴ ወደ እነሱ ነው።

ሚላን ላይ ኢል ቺክሊስታና ላ ትሪፕሌታ የሚባሉ ሁለት የብስክሌት ጋዜጦች ተዋሕደው ኤፕሪል 3 ቀን 1896 ላ ጋዜታ ዴሎ ስፖርትን አወጡ። ቀኑ ታስቦበት ነው፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ አቴና ላይ ሊከፈት ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ወረቀቱ ሲጀመር አረንጓዴ ነበር። ጃንዋሪ 2 ቀን 1899 ወደ ሮዝ ዞረ፤ እንደዞረም ቀረ።

የዛሬ ሰው ይህን የጌጥ ጉዳይ አድርጎ ሊያየው ይችላል። የያኔውን ጋዜጣ ግን እስቲ በዓይነ ኅሊናችን እንዘርጋው። ፎቶግራፍ ማተም ገና ድካም ነው፤ ርዕስ ከአንድ አምድ እምብዛም አይዘልም፤ አምዶቹ ከራስጌ እስከ ግርጌ እንደ ካብ ተገጥግጠው ቆመዋል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው ጋዜጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። አዟሪው ክንዱ ላይ ከደረበው መሃል ያንተን ለይተህ የምታውቀው በወረቀቱ ቀለም ብቻ ነው። የስፖርት ጋዜጣ የመጀመሪያው ዲዛይነር፣ እንዲህ ካልን፣ ወረቀት ገዢው ነበር።

በቀለም የተነሣው ትልቁ ጠብ የፓሪሱ ነው፤ ከሩጫም ከኳስም አይገናኝም። የብስክሌቱን ገበያ የያዘው በ1892 የተቋቋመው ለ ቬሎ ሲሆን የሚታተመው በአረንጓዴ ወረቀት ነው። ዋና አዘጋጁ ፒየር ጂፋር በዘመኑ ፈረንሳይን ለሁለት በከፈለው ጉዳይ ከካፒቴን ድሬይፉስ ጎን ቆሟል። ድሬይፉስ አገር ከዳ ተብሎ በሐሰት የተፈረደበት አይሁዳዊ መኮንን ነው። ለ ቬሎ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጡት ባለ ፋብሪካዎች፣ በተለይም መኪና ሠሪው ካውንት ደ ዲዮን፣ በተቃራኒው ወገን ናቸው። በ1899 ኦቶይ የፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት በከዘራ ሲመቱ በተነሣው ረብሻ ደ ዲዮን ታሰረ፤ ጂፋርም በጽሑፉ አልማረውም። ባለ ፋብሪካዎቹ ተቆጡ፤ ማስታወቂያቸውን ይዘው ወጡ፤ የራሳቸውን ጋዜጣ አቋቋሙ። ኦክቶበር 16 ቀን 1900 የወጣው ይህ ጋዜጣ ሎቶ-ቬሎ ተባለ። አለቃው ኦንሪ ዴግሮንዥ ነበር፤ በ1893 በአንድ ሰዓት 35.325 ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጀመሪያውን ይፋዊ የሰዓት ክብረ ወሰን የያዘ ብስክሌተኛ። ወረቀቱን ቢጫ አደረጉት። አረንጓዴው ጠላት ጋ ስለነበረ፣ ከአረንጓዴው ጎን ሲሰቀል የሚለይ ቀለም ማስፈለጉ ግልጽ ነው።

ጂፋር በስም መመሳሰል ከሰሰ፤ ረታም። በጃንዋሪ 1903 «ቬሎ» የሚለው ቃል ከስሙ ተቆርጦ ሎቶ ብቻ ቀረ። ሎቶ ማለት መኪና ነው፤ ገዢዎቹ ግን ብስክሌተኞች ናቸው። እንግዲህ ስሙ አንባቢውን አያውቀው፣ የቀረው ቢጫ ወረቀት ብቻ። ችግሩ ፍርዱ ከመሰጠቱም በፊት ታውቆ ነበርና ጌኦ ለፌቭር የተባለ ወጣት ዘጋቢ አንድ ሐሳብ አቅርቧል፦ ፈረንሳይን የሚዞር ውድድር። ጁላይ 1 ቀን 1903 በ60 ብስክሌተኞች የተጀመረው ቱር ደ ፍራንስ 6 ምዕራፍና 2,428 ኪሎ ሜትር ነበረው፤ ሞሪስ ጋረን አሸነፈ። የሎቶ ዕለታዊ ሽያጭ ከ25,000 ወደ 65,000 ወጣ። ለ ቬሎ በ1904 ተዘጋ። ጂፋር በኋላ ዴግሮንዥ ጋ ተቀጥሮ ጻፈ፤ የጋዜጣ ዓለም እንዲህ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919፣ መንገድ ዳር የቆመው ሰውም ዘጋቢውም ከአቧራ መሃል መሪውን መለየት አልቻለም። ዴግሮንዥ ለመሪው የተለየ ማልያ ሰጠ፤ ቢጫ። ጁላይ 19 ቀን ግሮኖብል ላይ መጀመሪያ የለበሰው ኧዤን ክሪስቶፍ ነው፤ ተመልካቹ ካናሪ እያለ ቀለደበት። ጥቂት ቆይቶ የብስክሌቱ ሹካ ተሰበረና ድሉ አመለጠው። ቢጫው ለምን ተመረጠ ለሚለው ሁለት ወሬ አለ። አንዱ የጋዜጣው ወረቀት ቀለም ስለሆነ ይላል፤ ሌላው ከጦርነቱ ማግስት የልብስ ሠሪው መጋዘን ውስጥ የተረፈው ክር ቢጫ ብቻ ስለነበረ ነው ይላል። እኔ በመጀመሪያው አድራለሁ። ምክንያቴም ጣሊያኖች ናቸው፤ ጋዜታ በ1909 የጀመረውን ጂሮ ዲታሊያ ለሚመራ ሰው በ1931 ማልያ ሲያለብስ ወረቀቱን ተከትሎ ሮዝ አደረገው። ለርኮ ጉዌራ መጀመሪያ ለበሰው። አዟሪ ክንድ ላይ የነበረ ቀለም ብስክሌተኛ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ጥቅሙም ያው ነው፣ ከሩቅ መለየት። ሎቶ በ1933 የቱሩ ሰሞን በቀን እስከ 854,000 ቅጂ ሸጠ።

እንግሊዝ ውስጥ ባለ ቀለሙ ወረቀት የሳምንት አንድ ቀን ጉዳይ ነበር። የየከተማው የማታ ጋዜጣ ቅዳሜ ቅዳሜ የእግር ኳስ እትም ያወጣል፤ ከዋናው ጋር እንዳይምታታ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ላይ ይታተማል። በርሚንግሃም ከ1897 ጀምሮ ሮዝ የሆነ ስፖርትስ አርገስ ነበራት፤ ሼፊልድ ከ1907 ጀምሮ «አረንጓዴው» የሚሉት። የእነዚህን አሠራር ጠጋ ብለን እንየው፤ ስለ ስፖርት ገጽ የማምንበት ነገር አብዛኛው ከእነሱ የተማርኩት ነውና።

ጨዋታው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀመራል፤ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ያልቃል። ጋዜጣው ደግሞ ተመልካቹ ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ ዘጋቢው ጨዋታው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አጠገቡ ስልክ አለ፤ በየጥቂት ደቂቃው ያየውን ያስጽፋል። ቢሮ ያለው ሰው በታይፕ ይቀበለዋል፤ ወረቀቱ ወደ ሊኖታይፕ ክፍል ይሮጣል፤ እያንዳንዱ መስመር ከቀለጠ እርሳስ ተቀርጾ ትኩሱን ይወጣል፤ ገጽ አሳሪው ተቀብሎ ከብረት ክፈፉ ውስጥ ይደረድረዋል። ፊደሉ እንደ መስታወት ምስል የተገለበጠ ነው፤ ሰውየው ግን እንደ ውሃ ያነበዋል። የመጀመሪያው አጋማሽ አምዱን ሲሞላ ሁለተኛው አጋማሽ ገና ሜዳ ላይ ነው።

ዘጋቢው ማን እንደሚያሸንፍ ሳያውቅ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ዘገባው ስለ ንፋሱ፣ ስለ ሜዳው ጭቃ፣ ሳንቲም ተጥሎ የትኛው ቡድን የትኛውን ጎል እንደመረጠ በሰፊው ይጀምራል። የአምስተኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት አንድ አንቀጽ ያገኛል። የ88ኛው ደቂቃ ጎል፣ ጨዋታውን የወሰነው፣ አንድ መስመር ተኩል ብታገኝ ነው። ውጤቱ ሲታወቅ ርዕሱ ይለቀማል። ቦታው ቀድሞ ተትቷል፣ የፊደሉ መጠን ቀድሞ ታውቋል፣ የጎደለው ቃሉ ነው። ዘግይተው ለሚመጡ ውጤቶች ደግሞ ሌላ መላ አለ፤ ገጹ ሲታሰር አንድ ጥግ ባዶ ይተዋል፤ ከማተሚያው ጎማ ጋር በተገጠመች ትንሽ መሣሪያ ላይ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ይታሰሩና ባዶው ቦታ ላይ ያርፋሉ። ገጹን እንደገና መሥራት ሳያስፈልግ ውጤቱ ይገባል ማለት ነው።

ከእነዚያ ገጾች አንዱን ዛሬ ዲዛይን ትምህርት ቤት ብትወስደው ትችት ይዘንብብሃል። ሚዛን የለውም፣ ራሱ ከባድ ወገቡ ቀጭን ነው፣ ፎቶው ማኅተም ያህላል፣ ነጭ ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የገጹ መንጋደድ የሰዓቱ መንጋደድ ነው፤ አንባቢው አምዱን ሲወርድ እንደ ዘጋቢው ሳያውቅ ይጓዛል። ደግሞም አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ውጤት የተደረደረበትን አምድ ነው። ሊትልውድስ ከ1923 ጀምሮ የእግር ኳስ ግምት ውርርድን ካስፋፋ ወዲህ ስንቱ ወዛደር ኩፖኑን በአንድ እጁ ጋዜጣውን በሌላ እጁ ይዞ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆሟል። የቡድን ስም በግራ፣ ቁጥር በቀኝ፣ ቁጥሮቹ አንዱ ባንዱ ሥር ቀጥ ብለው። ከዚህ የተሻለ የውጤት ሠንጠረዥ ዛሬም አልተፈጠረም።

ሎቶ በጀርመን ወረራ ዘመን መታተሙን ባለማቆሙ ፈረንሳይ በ1944 ነፃ ስትወጣ ተዘጋ። ዣክ ጎዴ የተባለ ጋዜጠኛ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1946 ሌኪፕ የተባለውን ጋዜጣ ሲያቋቁም ፈቃድ አገኘ፤ ቢጫውን ግን አላገኘም። ቀለሙ የቀድሞውን ጋዜጣ ስም ያነሣል ተብሎ በነጭ ወረቀት እንዲወጣ ሆነ። አንድ መንግሥት የወረቀት ቀለም ሲከለክል ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም። ሌኪፕ ግን ፊት ገጹን በሌላ መንገድ አስታወቀ፤ አዟሪው ሲዘረጋው ከሩቅ የሚታየው ትልቅ ርዕስና ትልቅ ፎቶ ሆነ። የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫን ሐሳብ በ1954 መጨረሻ ያነሣው ጋብሪዬል አኖ የዚሁ ጋዜጣ ሰው ነው። የስፖርት ጋዜጣ ወሬ ሲያጥረው ውድድር ይፈጥራል፤ ዴግሮንዥ ያስተማራቸው ይህን ነው።

የ1960ውን የሮም ማራቶን ሳላነሣ ባልፍ የአገሬ ሰው ይታዘበኛል። ውድድሩ ሙቀት ሽሽት በእኛ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ ሴፕቴምበር 10 ምሽት 2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ በችቦ ብርሃን፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አለቀ። አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ገባ። ለገጽ ሠሪ ያ ፎቶ ፈተና ነው። በጋዜጣ ቤት የተለመደው የሯጭን ፎቶ ጉልበቱ ላይ ወይም ወገቡ ላይ መቁረጥ ነው፤ ፊቱ ይጎላል፣ ቦታ ይተርፋል። 11 ቁጥርን የለጠፈውን ሰው ጉልበቱ ላይ የቆረጠ ግን ታሪኩን ጣለው። እግሩ ባዶ ነበራ! ፎቶ ስትቆርጥ መጀመሪያ የትኛው ነገር ዜና እንደሆነ እወቅ የሚለውን ምክር ከዚያ ፎቶ የተሻለ የሚያስረዳ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ እርሳሱ ቀረ፤ ፊልምና ኦፍሴት መጣ፤ ገጽ በመቀስና በሙጫ፣ ቆይቶም በኮምፒዩተር ይሠራ ጀመር። አሜሪካዊው ኤድመንድ አርኖልድ አንባቢ ዓይኑን ከላይ ግራ ጀምሮ ወደ ታች ቀኝ እንደሚያወርድ፣ ገጽም ይህን ስበት ተከትሎ መሠራት እንዳለበት ሲያስተምር ኖሯል። በ1979 የጋዜጣ ዲዛይነሮች ማኅበር ተመሠረተ፤ በየዓመቱ ከብዙ አገር የሚመጡ ገጾች ሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ተዘርግተው ዳኞች እየዞሩ ይተቿቸው ነበር። ገጽ መተቸት ሙያ የሆነው ያኔ ነው። ውድድሩ ብዙ ጥሩ ነገር አምጥቷል፣ አልክድም። አንድ ጉዳትም አመጣ፤ ዲዛይነሩ ለአንባቢ ሳይሆን ለጠረጴዛው መሥራት ለመደ። ገጹ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ጨዋታው ካለቀ ወራት አልፎታል፤ ዳኛው ውጤቱ ገብቷል ወይስ አልገባም ብሎ አይጠይቅም።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1982 የወጣው ዩኤስኤ ቱዴይ በባለ ቀለም ፎቶውና በሥዕላዊ ሠንጠረዡ ተዘበተበት። የስፖርት ገጹ ግን ብልህ ነበር። ከፊት ቀለሙን ያሳይና ውስጥ ሲገቡ ሙሉ ገጽ ደቃቅ ቁጥር ያራግፋል። ያ ፊደል «አጌት» ይባላል፤ 5.5 ነጥብ ነው፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ ያለውን ወረቀት የሚያህል። ቆንጆ አይደለም። የሌላ ከተማ ጋዜጣ የማያትመውን የራቀ ክለብ ውጤት ግን ይዟል፤ መንገደኛው የሚገዛውም ለዚያ ነበር።

የዚህ ተቃራኒ ጃንዋሪ 31 ቀን 1990 ተወለደ። ዘ ናሽናል ለስፖርት ብቻ የተቋቋመ የመጀመሪያው የአሜሪካ አገር አቀፍ ዕለታዊ ጋዜጣ ነበር። ገንዘቡ የሜክሲኮው የቴሌቪዥን ከበርቴ ኤሚልዮ አስካራጋ፣ ዋና አዘጋጁ እውቁ ጸሐፊ ፍራንክ ዴፎርድ። ጥሩ ጥሩ ጸሐፊዎችን በውድ ደመወዝ ሰበሰበ፤ ገጹም ያምር ነበር። ነገር ግን ወደየከተማው የሚበተነው በሌላ ድርጅት የማከፋፈያ መስመር ስለነበረ ቀድሞ መዘጋት ነበረበት፤ ከምዕራብ ጠረፍ አምሽተው የሚያልቁ ጨዋታዎች ውጤት ብዙ ቦታ ሳይገባ ይቀራል። ሰው ጠዋት ተነሥቶ ትናንት ማታ ምን ሆነ ብሎ ሲገልጥ ገጹ ያላየውን ጨዋታ በጥሩ ፊደል ይተርክለታል። ጁን 13 ቀን 1991 ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጥፍቶ ተዘጋ። የሼፊልዱ ገጽ አሳሪ በቀለጠ እርሳስ የሚችለውን እነሱ በሳተላይት አልቻሉም።

1992 ለዚህ ታሪክ ሁለት ነገር አመጣ። እንግሊዝ ውስጥ በኦገስት ፕሪሚየር ሊግ ተጀመረ፤ ቴሌቪዥን ገንዘቡን ስለከፈለ ጨዋታውን ወደ እሑድና ወደ ሰኞ ማታ ወሰደው። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ሁሉም ካልተጫወተ የቅዳሜው ሮዝ ጋዜጣ ምን ይሸጣል? መሞት የጀመረው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1985፣ አዲስ አበባ ላይ የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ወጣ፤ የግል ጋዜጣ ተፈቀደ። ከፖለቲካው ጋር የስፖርት ጋዜጦችም በቀሉ፤ ዋና ቀለባቸው ያው ፕሪሚየር ሊግ ሆነ። የሼፊልድን ጋዜጣ የገደለው ሊግ የእኛን ወለደ ብል አልዋሸሁም።

እኔ ወደ ሥራው የገባሁት በእኛ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ ሳምንታዊ የስፖርት ጋዜጣ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንወጣለን፤ ማተሚያ ቤት ወረፋ ስላለ ገጹን ሐሙስ ማታ ማስገባት አለብን። ጨዋታው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ነው። ስለዚህ ፊት ገጻችን ሁልጊዜ ያልሆነ ነገር ነበር፤ ማን ያሸንፋል፣ ማን ይገባል፣ ማን ይሸጣል። ርዕሳችን በጥያቄ ምልክት የሚያልቀው አንባቢን ለማጓጓት ይመስላል፤ እውነቱ የማተሚያ ቤት ወረፋ ነው። አንድ ሳምንት አንድ አጥቂ ከራስ እስከ እግር ቆርጬ፣ ቀይ ጥላ አድርጌለት፣ ገጹን ግማሽ ሰጠሁት። ዓርብ ልምምድ ላይ ተጎዳ። ቅዳሜ አራት ኪሎ ስደርስ ጋዜጣ አከራዩ ድንጋዩ ላይ የዘረጋውን አንሥቶ ወደ እኔ አዞረና «ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ እኮ ሆስፒታል ነው» አለኝ። አጠገቡ ተቀምጠው በኪራይ የሚያነቡት ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቺ ሰምቻለሁ፤ የእሱን ያህል አጭርና ትክክል የተናገረኝ የለም።

በግዕዝ ፊደል የስፖርት ገጽ መሥራት የራሱ ጣጣ አለው። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፤ መጮኽ ሲፈልግ ሁሉንም ትልቅ ያደርጋል፣ ማንሾካሾክ ሲፈልግ ያጋድለዋል። የእኛ ፊደል ሁሉም ቁመቱ ተቀራራቢ ነው፤ ሲደረደር እንደ ሰልፍ ይቆማል። ጥቅጥቅ ስለሚል በመስመርና በመስመር መካከል ከላቲኑ የሰፋ አየር ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ወረቀት ለመቆጠብ ያንን አየር ነው መጀመሪያ የምንነጥቀው። ቃላችንም ይረዝማል፤ «አላስተናገደችም» የሚለው አንድ ቃል ጠባብ አምድ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል፤ ርዕስ ላይ ሲሰበር ያስቃል። መጮኺያ ስላልነበረን ቀዩን ቀለምና ቃለ አጋኖውን ደረብንበት፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቃለ አጋኖ። ከበይነመረብ የተለቀመ የአሥራ ሁለት ተጫዋች ጭንቅላት አንድ ፊት ገጽ ላይ አጎርን፤ አንዳንዱ ፎቶ ከማነሱ የተነሣ ሲጎላ እንደ ሰንደል ጭስ ይበተናል። ሁሉም በሚጮኽበት ገበያ አንዱ ዝም ቢል ይታይ ነበር። ዝም ለማለት የደፈረ አዘጋጅ ግን አላጋጠመኝም፤ እኔም ራሴ ተከራክሬ አላውቅም።

ጋዜታ በ2008 መጠኑን አሳንሶ ሙሉ በሙሉ ባለ ቀለም ሆነ፤ ሮዙን ግን አልነካውም። የሼፊልዱ አረንጓዴ በ2013 ቆመ፤ 106 ዓመት ኖሯል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 10 ኒውዮርክ ታይምስ ዝም ማለት ምን እንደሚመስል አሳየ። በዋዜማው የቤዝቦል ጸሐፊዎች ለዝነኞች አዳራሽ ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ በአበረታች መድኃኒት የሚታሙት እነ ባሪ ቦንድስና ሮጀር ክለመንስ መጀመሪያ የቀረቡበት ዓመት ነው። መመረጫው 75 በመቶ ሲሆን ያንን ያገኘ አንድም ሰው አልነበረም። የስፖርት ክፍሉ ፊት ገጽ ከሞላ ጎደል ባዶ ወጣ። ፎቶ የለ፣ አምድ የለ፤ የተመረጡት ሰዎች መግባት የነበረባቸው ቦታ ነጭ ወረቀት። ባዶው ራሱ ውጤቱ ነበር። ከብሩክስ የሙት ማስታወቂያ ወዲህ እንዲህ በቅርጹ የተናገረ የስፖርት ገጽ ካለ ይኸኛው ነው።

ሌኪፕ በ2015 ወደ ትንሹ መጠን ወረደ። ኒውዮርክ ታይምስ ዘ አትሌቲክ የተባለውን የበይነመረብ የስፖርት ድርጅት በ2022 በ550 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2023 ያንን ባዶ ገጽ የሠራውን የራሱን የስፖርት ክፍል ዘጋ።

ዴግሮንዥ ከሞተ በኋላ የስሙ መነሻ ሁለት ፊደላት ቢጫው ማልያ ላይ ተጠለፉ። በ1984 ለንግድ ምልክት ቦታ ሲባል ተነሡ፤ በ2003፣ ቱሩ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ተመለሱ። ማልያው ላይ የጋዜጣው ስም የለም፤ የዋና አዘጋጁ ፊደላትና የወረቀቱ ቀለም አሉ።